በመንገዱ ወገን መቃብር የለም

ካርቱም፣ ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለታደለ፣

የጥምቀቱ ጌታ አንተንና እታለም ይርጋነሽን ከክፉ ይሰውርልኝ። እኔ ከዚህ አገር ሙቀት ጋር እየታገልሁ፣ ጋራዤን ከፍቼ እየዘጋሁ ደህና አለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእናትህ ቀስ ብለህ፣ ምንም ሳትዘል አንብብላት። ደስ የሚላት ነገር ይዟል።

በጥምቀት ማግስት የቢቸና ተወላጆች እኔ ጋራዥ ተሰብስበን ነበር። ከደብራችን የሕንፃ ኮሚቴ የመጣ ወረቀት ተነበበልን። በዋናው መንገድ ወገን ካለው የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የገበያ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ ኪራዩም ለደብሩ ይሆናል። ለአዲሱ ሺህ ዓመት መሠረቱ ይጣል ተብሏል። የሞጣ ልጆችም አብረውን ነበሩ። አንዱ ተነሥቶ፣ «ቢቸና ፎቅ የምትሉት የጤፍ ክምሩን ነው?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብን። ደሜ ፈላ። ከሁሉ በፊት እጄን አውጥቼ ቃል ገባሁ፤ ከሁሉ የሚበልጠውንም የሰጠሁ እኔ ነኝ። በዚህም የማዕዘኗን ሱቅ፣ ወደ መናኸሪያው የምትዞረዋን፣ በእናትህ ስም አስያዝሁ።

እታለም ከደብሩ አጥር ሥር ጆንያ አንጥፋ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ከረመች እያሉ አገር ደርሰው የሚመጡ ሁሉ ይነግሩኛል። ያሳፍረኛል። ከእንግዲህ ጨውና በርበሬዋን ከመሬት አንሥታ መደርደሪያ ላይ ታድርግ።

የዘመነ ነገር ከልቤ አልወጣም። ወንድምህ ያ ክፉ በሽታ ሞጣ በገባበት ነሐሴ እዚያው ግንበኝነት ላይ ባይሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ሕንፃ የሚገነባው እሱ ነበር። ለመቃብሩ ድንጋይ ብዬ የላክሁት ገንዘብ ደረሳችሁ ወይ? በአባታችን አጠገብ ማረፉ አንድ መጽናኛ ነው። ድንጋዩ ተተክሎ ከሆነ ጻፍልኝ።

ትምህርትህን አደራ።

አጎትህ ጓዴ


ቢቸና፣ መጋቢት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ጓዴ፣

ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። እናቴ «በሄድህበት ሁሉ እግዚአብሔር ይከተልህ» ብላለች።

ከተማዋን ቢያዩዋት አያውቋትም። ዋናው መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ በዳር ያሉት ቤቶች ሁሉ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። የእኛ ቤት ከኋላ ስለሆነ አልተነካም። ቆርቆሮና ምስማር ይሸጡ የነበሩት ሰውዬ ሱቃቸውን አፍርሰው ሆቴል ጀምረዋል፤ ብረቱ ከመሬት ወጥቶ ቆሟል። ባንክ ይገባል ይባላል፤ መናኸሪያውም ወደ ዳር ይወጣል ይባላል። የማይባል ነገር የለም።

የደብሩ ሕንፃ ሥዕል በትልቅ ቆርቆሮ ላይ ተስሎ ከውጭው አጥር ላይ ተሰቅሏል። መስተዋቱ ሰማያዊ ነው። ከፊቱ ነጫጭ መኪኖች ቆመዋል፤ አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ወደ ማዕዘኑ በር ትገባለች። ሥዕሉ ላይ ጭቃ የለም፣ አህያ የለም፣ ጋሪ የለም። የክፍላችን ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከፊቱ እየቆሙ፣ «ይህቺ የማን ሚስት ናት?» ይላሉ። «የባሕር ዳር ናት እንጂ! የእኛ ብትሆን በዚያ ጫማ ከመናኸሪያው እስከዚህ አትደርስም» ይላል ሌላው። እኔ በዚያ በኩል ስናልፍ ቀድሜያቸው እሄዳለሁ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብሁላት። ስለ ማዕዘኗ ሱቅ የጻፉት ላይ ስደርስ፣ «መልሰህ አንብበው» አለችኝ። አነበብሁት።

«ወደ መናኸሪያው የምትዞረዋን ነው ያለ?»

«አዎ።»

ከዚያ በርበሬ መልቀም ጀመረች። ለቅማ የጨረሰችውን በርበሬ ነበር መልሳ የምትለቅመው።

ጋሼ፣ ከተቻለ የማዕዘኗን ሱቅ ለሌላ ይስጡልን። ከመናኸሪያው የሚነሣው አቧራ ይበዛባታል። መሐል ያለችው ወይም ከኋላ ያለችው ትበቃናለች። ሱቅ ባይኖርም ግድ የለም።

ስለ ድንጋዩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

የእህትዎ ልጅ ታደለ


ካርቱም፣ ግንቦት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለታደለ፣

ትንሣኤውን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ለእታለም ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህ ከመተማ ተጉዞ ሲደርሰኝ ምርቃት ጠብቄ ነበር። አቧራ ይበዛል አልህ። አቧራ ያለበት ሰው ያለበት ነው፤ ሰው ያለበት ደግሞ ገበያ ያለበት ነው። ይህን አንተ ተማሪ ሆነህ ባታውቅ እንኳ እናትህ ታውቃለች። ያችን ሱቅ የፈለጉ ስንት ነበሩ! በእህቴ ስም መሆኗን ካርቱም ያለ የጎጃም ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ወደ ኋላ አዙሩልኝ ብዬ ምን ልሁን?

ለአዲሱ ሺህ ዓመት እመጣለሁ። የመሠረቱ ድንጋይ ሲቀመጥ እታለም ጥቁሯን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ ከጎኔ እንድትቆም እፈልጋለሁ። በልጇ ኀዘን ላይ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት ለነፍሱም አይበጅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለፋሲካ አገር ደርሶ የመጣ ልጅ፣ «በአባትህ መቃብር አጠገብ አዲስ መቃብር አላየሁም» አለኝ። ተሳስተህ ሌላ ቦታ አይተህ ነው ብዬ ተቆጣሁት። ያንተን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ስለ ድንጋዩ ግን ከአንድ መስመር በላይ አላገኘሁበትም። ድንጋዩ የት ነው ያለው? ገንዘቡን አልጠየቅሁህም፤ በላችሁት ብዬም አላስብም። መቃብሩን ነው የጠየቅሁህ።

ጓዴ


ቢቸና፣ ሰኔ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጓዴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ይህን የምጽፈው እናቴ ሳታውቅ ነው። ሲያነቡ ብቻዎን ይሁኑ።

ዘመነ ያረፈው በአያቴ አጠገብ አይደለም። በሽታውም አልገደለውም። ያን ጊዜ ሞጣ ላይ ብዙ ሰው በዚያ በሽታ ሞቶ ነበርና እኛም እንደዚያ አልን። ዘመነ የሞተው በገዛ እጁ ነው።

ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ መጥቶ ነበር። የሒሳብ ጥያቄ አስረድቶኝ፣ እናቴን «ሽሮው ላይ ገበያውን ሙሉ ጨው ጨመርሽበት እንዴ?» ብሎ አስቋት ወደ ሞጣ ተመለሰ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ምንም አላገኝበትም።

አስከሬኑን ሲያመጡት የደብሩ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ሥርዓቱ አይፈቅድም ስላሉ ፍትሐት አልተደረገለትም። በመንገዱ ወገን፣ ማንም በማይቀበርበት ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር አስቀመጡት። ምልክት የለውም። እናቴ ከአጥሩ ማዶ ጆንያዋን የምታነጥፈው እዚያ ጥላ ስላለ አይደለም። የማዕዘኗ ሱቅ የምትሠራውም እዚያው ላይ ነው።

ሰው አያውቅም አልልም። ያውቃል። ግን እኛ እስካልተናገርን ድረስ እንዳላወቀ ሆኖ ይኖራል፤ እኛም አብረነው እንኖራለን።

መሐንዲሱ መጥቶ ቦታውን ሲያይ፣ አለቃ «በመንገዱ ወገን መቃብር የለም» አሉት ሲባል ሰማሁ። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«አለቃ፣ መቃብር የለም ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«ወንድሜስ?»

ግራና ቀኝ አዩ። «ድምፅህን ቀንስ፣ አንተ ልጅ። ያስቀመጥሁት እኔ አይደለሁም ወይ? አለ ብል የማን ነው ይሉኛል። የማን እንደሆነ ብናገር ለምን እዚያ ይሉኛል። ያን ጊዜ እናትህ የት ትገባለች?»

«ታዲያ ይቆፈር?»

«ቤተሰቡ በጉባኤ ቆሞ መቃብር አለን ካለ አይቆፈርም። ሰባት ዓመት ያልሞላው መቃብር አይነካም፤ ይህንም እኔው እናገራለሁ። ቤተሰቡ ዝም ካለ ግን እኔ በየትኛው አፌ?»

ጋሼ፣ እናቴ በሕዝብ ፊት ቆማ ያንን ቃል ልትናገር ነው ማለት ነው። ያን ማየት አልችልም። ከሁሉ የበለጠ የሰጡት እርስዎ ነዎት። «ማዕዘኑ ሳይሠራ ይቅር፣ ፈቃዴ ነው» ብለው ለኮሚቴው ቢጽፉ ለምን ብሎ የሚጠይቅዎ አይኖርም። ቁፋሮው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ጊዜ አለን።

ታደለ


ቢቸና፣ ነሐሴ 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ ጓዴ፣

ደህና ይሆኑ ዘንድ እጸልያለሁ። መልስ አልደረሰኝም። ምናልባት መተማ ላይ መንገዱ በዝናብ ተቋርጦ ይሆናል።

የዘመነ ዓመት አለፈ። በዚያ ቀን እናቴ ጆንያዋን እንደ ወትሮው አንጥፋ ዋለች፤ ግን የሚገዛ ሲመጣ «ዛሬ አልሸጥም» ትላለች። «ታዲያ ለምን አነጠፍሽው?» ብለው ሥቀውባት ይሄዳሉ።

ከተማው በሙሉ ቀለም እየተቀባ ነው። ለበዓሉ ብለው ከመንገዱ ዳር ያሉትን የፈረሱ ቤቶች በሸራ ሸፍነዋቸዋል። በደብሩ ግቢ የሕንፃውን መሠረት በኖራ አሰመሩት። ዝናቡ ያጥበዋል፤ ሲያባራ መልሰው ያሰምሩታል። አጥሩ ስለሚነሣ እናቴን ከቦታዋ ተነሺ ብለዋታል። ገና አልተነሣችም።

ይጻፉልን። ለእኛ ባይጽፉ እንኳ ለኮሚቴው ይጻፉ።

ታደለ


ካርቱም፣ መስከረም 18 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለታደለ፣

አዲሱ ዓመት ከኀዘን የሚወጣበት ይሁንላችሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ከደረሰኝ ቆይቷል። ልዋሽህ አልፈልግም።

ሰዎች አጠገቤ ነበሩ፤ ከማን ነው ሲሉኝ ከዕቃ ነጋዴ ነው አልኋቸው። ዘመነን፣ ያንን ልጅ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ተቀምጠን ስንሄድ ጭኔ ላይ አስተኝቼዋለሁ። እንዴት አድርጌ ልመነው?

ለኮሚቴው ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። አንተ ማንም አይጠይቅም ትላለህ። ይጠይቃሉ። ከሁሉ የምትሻለውን ሱቅ ሰጥቶ የሚነሣ ሰው ምክንያት አለው ይላሉ። ደብዳቤዬ በጉባኤ ይነበባል፤ ግልባጩ እዚህ ይመጣል። የሞጣ ልጆች ደግሞ አሉ፤ እሱ የሞተው በእነሱ ከተማ ነው፤ አንዱ አንድ ነገር ያውቃል። ነገሩ ከዚያ በኋላ አይሸፈንም። ለእሱም ስሙ ነው የቀረው።

ስለዚህ ይህን እመክርሃለሁ፤ ዝም በሉ። መሠረቱ ይቆፈር። በዚያ ወገን አለቃ ራሳቸው ቆፋሪዎቹን እንደሚሆን አድርገው ያስቆፍሯቸው። ድንጋይና ሲሚንቶ ከላዩ ካረፈ በኋላ እስከ ዓለም ፍጻሜ ማንም አይነካውም። እኔ ከላክሁት ድንጋይ የሚበልጥ ሐውልት አይደለም ወይ? እታለምም ሱቋን ትያዝ። እስከ ዛሬ አጠገቡ ተቀምጣ የለም? አሁን ከላይዋ ጣሪያ ይኖራታል።

ለበዓሉ አልመጣሁም። ትኬቱን መለስሁት። በሥራ ምክንያት ነው በላት።

አጎትህ ጓዴ


ቢቸና፣ ጥቅምት 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ጓዴ፣

እንደምን ከርመዋል? ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ እስከ መተማ የሚሄድ የሰሊጥ ጫኝ ሾፌር ነው፤ ቶሎ ይደርስዎታል ብሎኛል።

የመጨረሻውን ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብሁላት። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ፖስታውን ግን የተቀበለችው እሷ ነበረች። የጻፍሁልዎን ሁሉ መጀመሪያ ነገርኋት፤ አልተቆጣችም። ከዚያ የእርስዎን አነበብሁ፣ ስለ ሐውልቱም ስለ ጣሪያውም። ስጨርስ፣

«ሕንፃው ሐውልት ይሆነዋል አለ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለአባታችን ለምን ሱቅ አልሠራለትም?»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን የኮሚቴው ጸሐፊ ተነሥቶ፣ ሰኞ ቁፋሮ እንደሚጀመር፣ ጉልበት ያለው በጉልበቱ እንዲረዳ ተናገረ። «በመንገዱ ወገን መቃብር ስለሌለ ከዚያ እንጀምራለን» አለ።

«አለ» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ ወገን ተሰማ። እኔ ከወንዶቹ ዘንድ ነበርሁ። ድምፁን አወቅሁት።

«ምን አሉ፣ እናቴ?» አለ ጸሐፊው።

«መቃብር አለ። የልጄ የዘመነ።»

ጸሐፊው አለቃን አየ። አለቃ መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ዘመነ በበሽታው አይደል የሞተ? ታዲያ ምን እዚያ ወሰደው?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ በእውነት ሳያውቅ ነው የጠየቀ።

«በበሽታው አይደለም» አለች እናቴ። «በገዛ እጁ ነው። ይኸው ሰማችሁ። ወለድሁት፣ አሳደግሁት፣ ከአጥር ሥር ቀበርሁት። ዓመት ሙሉ እሱ ሥር ተቀምጬ ጨው ሸጥሁላችሁ። ሱቅ አልፈልግም። አትቆፍሩብኝ።»

ከወንዶቹ መካከል ወጥቼ ወደ እሷ ሄድሁ። በሰዎች መካከል ማለፉ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። አጠገቧ ስቆም እጄን ያዘችው፤ እጇ በጣም ይሞቅ ነበር።

አለቃ ተነሡ። «መቃብር የለም ያልሁ እኔ ነበርሁ» አሉ። «አለ። ሰባት ዓመት ሳይሞላውም አይነካም። ማዕዘኑ ሳይሠራ ይቀራል።»

«አለቃ፣ እሱ እኮ ዋናው ሱቅ ነው!» አለ አንድ የኮሚቴ አባል።

«እንግዲያው ቀጥሎ ያለው ዋና ይሁን። ዋና ለመሆን የሚቸገር ሰው ነው፤ ሱቅ ምን ይቸግረዋል?»

ስለ ፍትሐቱ ምንም አላሉም። እኛም አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቀላል ነው አልልዎትም። በሚቀጥለው ገበያ አንዲት የድሮ ደንበኛዋ በርበሬውን በእጇ አንሥታ አሸተተችውና መልሳ አስቀመጠችው። ሌላዋ ጨርሶ በዚያ በኩል አላለፈችም። በትምህርት ቤት አንዱ ልጅ አጠገቤ መቀመጥ ትቶ ሌላ ወንበር ፈለገ። መምህሩ አይተው ትምህርቱን ቀጠሉ። እናቴ ማታ ማታ አትናገርም። አንዳንድ ጊዜ ባልተናገረች ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ ወዲያው ደግሞ የኖራው መስመር ይታየኛል።

ባለፈው ሰኞ የዕድራችን ዳኛ ወደ ቤታችን መጡ። በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ «ይርጋነሽ፣ የዕድሩ ደንብ ዓመት ስላለፈው ለቅሶ አንድም አይል። አይከለክልምም» አሏት። ከሰዓት በኋላ ጎረምሶች ድንኳኑን ተሸክመው መጥተው ደጃችን ላይ ተከሉት።

ሰው ሁሉ አልመጣም። ከዋናው መንገድ ነጋዴዎች የመጡት ጥቂት ናቸው። መሠረት የሚቆፍሩት ሠራተኞች ግን ከነጭቃቸው መጡ፤ ምንጣፉን እንዳያቆሽሹ ብለው ዳር ዳር ቆሙ። ከሞጣ ሁለት ግንበኞች በአውቶቡስ መጡ። ከዘመነ ጋር አብረው ይሠሩ ነበር። ለእናቴ፣ «የእሱ ግንብ ውኃ ልክ አያስፈልገውም ነበር እንላለን» አሏት። እሷም ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። በነሐሴ 1998 ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስም መጡ። ከድንኳኑ መግቢያ፣ ከሁሉ በታች ተቀምጠው ውለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ፣ «ወንድምሽ ጓዴ አልሰማም ወይ?» ብለው ጠየቋት። ተነሥቼ ልወጣ ስል ያዘችኝ።

«ሰምቷል» አለቻቸው። «መንገድ ላይ ነው።»

የዕድሩ ዳኛ ድንኳኑን ሊያስነሡ ሲመጡም ይህንኑ ነገረቻቸው። እስከ ዛሬ አልተነሣም።

የእህትዎ ልጅ ታደለ